የጎሬና የጎዴ ድርቅ በአንድ መለኪያ?

ጥያቄ፦ ጎሬ በዓመት ከ1500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ጎዴ ግን 300 ገደማ ብቻ። የሁለቱን ድርቅ በአንድ መለኪያ መከታተል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚለካው የዝናቡ መጠን ሳይሆን ከቦታው ልማድ የራቀበት ልክ ከሆነ። 100 ሚሊሜትር ቢጎድል ጎሬ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ለጎዴ ግን የዓመቱ ሲሶ ነው፤ ግጦሽ ይደርቃል፣ ከብት ያልቃል።

በ1993 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተቀመረው ኤስፒአይ የተባለው የዝናብ መለኪያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቢያንስ የ30 ዓመት መዝገብ ይፈልጋል። ዜሮ የቦታው መደበኛ ዝናብ ነው፤ ከ-1 ሲወርድ ድርቅ፣ -2 ሲደርስ እጅግ የከፋ ድርቅ ይባላል። ለሰብል የ3 ወር፣ ለከርሰ ምድር ውኃ የ12 ወርና ከዚያ በላይ ስሌት ይመረጣል።

ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ይበሉ። በጎዴ ደረቅ ወራት መዝገቡ በአብዛኛው ዜሮ ስለሆነ ጥቂት ጠብታ ቁጥሩን ያዛባዋል፤ ስለዚህ ጉና ደይር የተባሉትን የአካባቢውን ሁለት የዝናብ ወቅቶች ለየብቻ ያስሉ። በተጨማሪም ኤስፒአይ ሙቀትን አያይም። ስለዚህ ቆላ ላይ ትነትንም በስሌቱ የሚያካትተውን ኤስፒኢአይ የተባለውን መለኪያ አብረው ይመልከቱ፤ የድርቅ ማስጠንቀቂያ አርብቶ አደሩን የሚጠቅመው ከብቱ ሳይከሳ ሲደርሰው ነው።