ወርቁና ውኃው

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን የወርቅ ማዕድን ሊከፈት ነውና፥ እንቀበለው ወይስ እንቃወመው?

መልስ፦ በጉጂ ምድር የሚገኘው የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. የታገደው፥ ነዋሪው ስለ ልጆቹና ስለ ከብቶቹ ጤና ሲያሰማው የነበረው አቤቱታ ወደ አደባባይ ሰልፍ ከተለወጠ በኋላ መሆኑን ስናስታውስ፥ መርማሪው ከቆፋሪው መቅደም እንደሚገባው እንረዳለን። ወርቁን ከደቀቀው ድንጋይ የሚለየው ሳያናይድ፥ ብርቱ መርዝ ቢሆንም፥ በፀሐይ ብርሃንና በአየር ኃይል እየፈረሰ ሲሄድ፥ ከዐለቱ የሚፈቱት እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዘኛ ንጥረ ነገሮች ግን (ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም እነርሱ ናቸው) ዝቃጩ በሚጠራቀምበት ኩሬ ለትውልደ ትውልድ ይቀመጣሉ፤ ከዚያም ወደ ውኃው ሊሰርጉ ይችላሉ። የቀድሞው የውኃ ጠባይ ካልተመዘገበ የኋለኛው ጉዳት በማስረጃ አይረጋገጥምና፥ ቁፋሮው ሳይጀመር የወንዛችሁና የጕድጓዳችሁ ውኃ በገለልተኛ ባለሙያ ተመርምሮ ውጤቱ በጽሑፍ እጃችሁ ይግባ፤ ያለዚያ እሺታችሁን አትስጡ።