መንገድ ላይ የተገኘው ቡችላ

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በሰኔ ወር አንዲት የአዲስ አበባ ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቦይ አጠገብ በዝናብ የራሰና የሚንቀጠቀጥ ቡችላ አገኘች። በሹራቧ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣችው። እናቷ ግን ገና ከበሩ ላይ «ልጄ፣ ይህን ውሻ ከዚህ በፊት ምን እንደ ነከሰው ታውቂያለሽ?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቱ ንግግሩን እንደ ጭካኔ ቆጠረችው። ዳሩ ግን ጥያቄው ተገቢ ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ በታመመ እንስሳ ምራቅ አማካይነት በንክሻ ይተላለፋል። ተሕዋሲው ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቮች በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ፣ ዛሬ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ውሻ በሽታውን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ግን ሰውም ሆነ እንስሳ ከሞት የሚድነው ከስንት አንድ ነው።

በማግሥቱ አባትና ልጅ ቡችላውን በካርቶን አድርገው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት። ሐኪሙ ቡችላውን ከመንካታቸው በፊት «የነከሰው ሰው አለ?» አሉ። ልጅቱ አቀረቀረች። ማታ ታናሽ ወንድሟ ዳቦ ሲያጎርሰው ጣቱን ነክሶት ጥቂት ደም ወጥቶ ነበር፤ ቁጣ ፈርታ ለማንም አልተናገረችም።

«እንግዲያው ከውሻው ይልቅ ልጁ ይቅደም» አሉ ሐኪሙ ወደ አባትየው ዞረው። «ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠቡት፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።»

ከዚህ በኋላ ቡችላውን መረመሩት። ጥርሱን አይተው ዕድሜው ሁለት ወር ገደማ እንደሚሆን ገመቱ። ቁንጫውን የሚያራግፍና ወስፋቱን የሚያስወጣ መድኃኒት ሰጡት፤ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ግን ሦስት ወር ሲሞላው እንዲያመጡት፣ ከዚያም በየጊዜው እንዲያሳድሱለት አዘዙ። ለበዓል ከሚታረደው በግ ጥሬ ሳንባና ጉበት እንዳይሰጡትም አስጠነቀቁ። በእነዚህ ውስጥ የሚገኘው ዕጭ በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉም እንቁላል ከውሻው ዐይነ ምድር ወደ ሰው ይተላለፋል። (ይህን ልማድ በየመንደሩ የማያይ ሰው ያለ አይመስለንም።)

ክትባቱ የተገኘው በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ጥረት ነው። በ1877 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እብድ ውሻ ነክሶት ወደ ፓስተር ቀረበ። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ሌላ ሐኪም ነበር፤ ልጁም ዳነ። በአገራችን በ1895 ዓ.ም. በሽታው በአዲስ አበባና በሌሎች ስፍራዎች መዛመቱ ተጽፏል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የምርምር ተቋምም በፓስተር ስም ተጠርቶ ነበር። ጉዳቱ በሰው ብቻ አይወሰንም፤ በ1996 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ከቤት ውሾች የተዛመተ ይኸው በሽታ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

ልጁ መርፌውን ጀመረ። ሐኪሙ ቡችላው ለብቻው ታስሮ ዐሥር ቀን እንዲጠበቅ አዘዙ፤ ምክንያቱም በነከሰበት ዕለት ተሕዋሲው በምራቁ ውስጥ ኖሮ ቢሆን፣ ውሻው በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ መሞቱ አይቀርም ነበር። ልጅቱ በየማለዳው ምግቡን ከሩቅ እየገፋች ትሰጠው፣ አፉን፣ አረማመዱንና ውሃ አጠጣጡን ትመለከት ነበር። በዐሥረኛው ቀን ቡችላው የአባትየውን ጫማ ሲያኝክ ተገኘ። እናትየው ሣቁ። ሐኪሙ ግን የልጁ ንክሻ እንደማያሰጋ ከተናገሩ በኋላ፣ ቡችላው ከመገኘቱ በፊት ተነክሶ ሊሆን ስለሚችል ጥበቃው ለወራት እንዳይቋረጥ አሳሰቡ።

መልመጃ
1. ልጅቱ የወንድሟን መነከስ ለምን ደበቀች?
2. ዐሥሩ ቀን ካለፈ በኋላም ጥበቃው ያልተቋረጠው ለምንድን ነው?
3. «ሳይውሉ ሳያድሩ» የሚለውን ሐረግ በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።