ጋቢውን ወደ ወገብ፦ ከመርካቶ ለሚነሱ አሽከርካሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ከጅማ ተነስቶ አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ተራ የደረሰ ሾፌር ከመኪናው ሲወርድ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በሩን ከፍቶ ወዲያው አይወርድም። መጀመሪያ አንድ እግሩን ያወጣል፤ እጀታውን ጨብጦ ትንሽ ይቆያል፤ መሬት ሲረግጥም ጎብጦ ነው። ረዳቱ «ምነው ጋሼ?» ሲለው «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ «ኩላሊቴን ነው» ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ብርድም ኩላሊትም አይደለም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ወገብ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ጫና የሚያበርዱ ትራሶች ናቸው፤ ጎብጠን ስንቀመጥ ጫናው ይበረታባቸዋል። በዚያ ላይ የመኪናው ንዝረት አለ። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ለሚመላለስ ንዝረት በተለይ ስሱ ነው፤ የመኪና መንቀጥቀጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ነገር ግን ሕመሙ የሾፌርነት ዕጣ ፈንታ አይደለም። በጥቂት ጥንቃቄ ብዙው ይቀንሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ወንበሩን በራሳችሁ ልክ አስተካክሉ። ትናንት ሌላ ሰው የነዳውን መኪና እንዳለ ይዛችሁ አትነሱ። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። እግራችሁ ተወጥሮ ከተዘረጋ ወንበሩ ርቋል ማለት ነው። ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል፤ መደገፊያውም ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ያዘንብል።

2. ጋቢውን ተጠቀሙበት። ለሌሊቱ ብርድ የደረባችሁትን ጋቢ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ኋላ አትወርውሩት። ጠቅልላችሁ ከቀበቷችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው የወገብ ጎድጓዳ ቦታ አድርጉት። የክንድ ያህል ውፍረት ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ወደ ፊት ይገፋችኋል። ጋቢ ከሌለ ፎጣ ወይም ሹራብ ያው ነው።

3. የኋላ ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ። ቦርሳው፣ የታጠፈው ብር፣ ስልኩ አንዱን ዳሌ ከፍ ስለሚያደርገው አከርካሪያችሁ ቀኑን ሙሉ እንደተጣመመ ይውላል።

4. ስፖኪዮውን ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ አስተካክሉት። ከሰዓት በኋላ የኋላው መንገድ በደንብ አልታይ ካላችሁ ስፖኪዮው አልተነቃነቀም፤ እናንተ ናችሁ የሰመጣችሁት። ስለዚህ መስታወቱን ሳይሆን ወገባችሁን ወደ ቦታው መልሱ። ለአቀማመጣችሁ ከዚህ የተሻለ ተቆጣጣሪ የለም።

5. መኪናውን አስፈትሹ። የደከመ ባሌስትራ፣ ያለቀ ሾክ አብዞርበር፣ የተረገጠ የወንበር ስፖንጅ የጉድጓዱን ምት በሙሉ ለወገባችሁ ያስተላልፉታል። ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ የምታወጡትን ብር እንደ ሕክምና ወጪ ቁጠሩት።

በመንገድ ላይ

6. በየሁለት ሰዓቱ ውረዱ። ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ መሬት መርገጥ አለበት። በጅማ መንገድ ወሊሶና ወልቂጤ፣ በጎጃም መንገድ ፍቼና ጎሃ ጽዮን አሉላችሁ። በተለይ አባይ በረሃን ከመውረዳችሁ በፊት ጎሃ ጽዮን ላይ ቁሙ፤ ቁልቁለቱ እግርንም ወገብንም ፋታ አይሰጥም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሾፌር 4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከነዳ የ45 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታው ነው። ይህ ግን የመጨረሻው ገደብ ነው፤ ወገብ ከዚያ ቀድሞ ነው ዕረፍት የሚሻው።

7. ስትወርዱ ተንቀሳቀሱ። ማኪያቶ ለመጠጣት ከወንበር ወርዶ ወንበር ላይ መቀመጥ ዕረፍት አይባልም። ጎማውን እየመታችሁ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዙሩት። ከዚያ ቆማችሁ፣ ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ለጠጥ በሉ፤ አምስት ጊዜ ይበቃል። ሕመሙ ወደ እግራችሁ የሚወርድ ከሆነ አቁሙ።

8. ውሃ ጠጡ። ሽንት እንዳያስቆማችሁ ብላችሁ ጉሮሯችሁን አታድርቁ። ውሃ የጠጣ ሾፌር መውረዱ አይቀርም፤ መውረዱም ለወገቡ ነው።

እነዚህን አታድርጉ

9. ከመኪናው ዘላችሁ አትውረዱ። ፊታችሁን ወደ መኪናው አዙራችሁ፣ እጀታውን ይዛችሁ፣ ደረጃውን እየረገጣችሁ ውረዱ።

10. እንደደረሳችሁ ጭነት አትንኩ። አይሱዙ ይዛችሁ እህል በረንዳ ስትደርሱ ተሸካሚ ቢጠፋም «እኔው ላግዝ» ብላችሁ ወዲያው ኩንታል ሥር አትግቡ። ለረጅም ሰዓት የተቀመጠ ወገብ በቀላሉ ይጎዳል። መጀመሪያ ጥቂት ተራመዱ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ያስቀመጠው የሸክም ጣሪያ 55 ኪሎ መሆኑንም አትርሱ። ይህ ለተሸካሚዎቻችንም ወገብ የሚገባ ልክ ነው።

11. ሕመሙን በኪኒን አፍናችሁ አትንዱ። ዲክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ትራማዶል ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል፤ እሱን ወስዶ መሪ መያዝ በተሳፋሪ ሕይወት መጫወት ነው።

12. በጫት አትተማመኑ። ምርቃናው ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። የዛለው ወገብ እዚያው ነው።

13. በየሱቁ የሚሸጠውን የወገብ ቀበቶ እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶ እንደ ዘወትር ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል። ከሚመክራቸው አንዱ የአካል እንቅስቃሴ ነው።

14. አከርካሪያችሁን ለወጌሻ አትስጡ። በጉልበት የተጠመዘዘ ወገብ የተጎዳ ነርቭን ሊያባብስ ይችላል።

15. አልጋ ላይ አትክረሙ። ወገባችሁን ሲይዛችሁ አንድ ቀን ማረፍ ያለ ነው፤ ሳምንት መተኛት ግን ጡንቻውን ያላላዋል። ሙቅ ፎጣ አድርጉበት፤ ቀስ እያላችሁም ተራመዱ።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም

16. ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

17. ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ ወይም ከመውደቅና ከግጭት በኋላ ከጀመረ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ተመርመሩ። ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል፤ ሕክምናም አለው።

ለባለንብረቶችና ለተሳፋሪዎች

18. ባለንብረቶች ሆይ፣ ለጎማ የምታስቡትን ያህል ለሾፌሩ ወንበርም አስቡ። ገቢ ስትተምኑ የዕረፍቱን ሰዓት አብራችሁ ቁጠሩ። ዕረፍት የማያስገኝ ሒሳብ ሾፌሩን ሳያቆም እንዲነዳ ያስገድደዋል።

19. ተሳፋሪዎች ሆይ፣ ሾፌሩ ወሊሶ ላይ ሲያቆም ከመስኮት «እንሂድ እንጂ!» አትበሉት። ወገቡን የቆረጠው ሾፌር ሐሳቡ ግማሹ ሕመሙ ላይ ነው፤ ፍሬን ለመርገጥም ይዘገያል። የእናንተም ወገብ እኮ አብሮ ነው የተቀመጠው። ውረዱና ከእሱ ጋር ጥቂት ተራመዱ። ማምሻውን አውቶቡስ ተራ ስትደርሱ እሱም እናንተም ቀና ብላችሁ ትወርዳላችሁ።