ዕድሜና ፆታ በጤነኛ ልብ አሠራር ላይ

ጥያቄ፦ የሴትና የወንድ ልብ አሠራር ይለያያል?

መልስ፦ ተግባሩ አንድ ቢሆንም መጠኑና ፍጥነቱ ይለያያል። የሴት ልብ በአማካይ ከወንድ ልብ ስለሚያንስና በአንድ ምት የሚረጨውም ደም አነስ ስለሚል፣ በደቂቃ ጥቂት ምቶችን በመጨመር ጉድለቱን ያካክሳል። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ገፍቶ የሚያወጣው ድርሻ፣ ማለትም የልብ የመርጨት አቅም፣ በሴቶች ከወንዶች በመጠኑ ከፍ ስለሚል፣ የልብ ማነስ የድካም ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ጥያቄ፦ በሽታ የሌለበት ልብ በዕድሜ ምክንያት ምን ይለወጥበታል?

መልስ፦ በዕረፍት ጊዜ የመርጨት አቅሙ እስከ እርጅና ድረስ ብዙም አይቀንስም። ነገር ግን ከልብ ደም የሚቀበሉት ደም ቅዳ ቧንቧዎች የመለጠጥ ባሕርያቸውን እያጡ ስለሚሄዱ የላይኛው የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የልብ ግድግዳም ስለሚወፍርና ስለሚጠጥር፣ ልብ ከተኮማተረ በኋላ ላልቶ በደም የሚሞላበት ሂደት ይዘገያል። በወጣትነት በአብዛኛው ከወንዶች ዝቅ የሚለው የሴቶች የደም ግፊት፣ ካረጡ በኋላ በፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል።

በሁለቱም ፆታዎች ጎልቶ የሚታየው ግን ልብ በብርቱ ሥራ ጊዜ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ የምት ፍጥነት መቀነሱ ነው። በተለመደው ግምት ይህ ፍጥነት የሚሰላው ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ሲሆን፣ በ30 ዓመት 190፣ በ70 ዓመት ደግሞ 150 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዕድሜ በቅድሚያ የሚነካው ዳገት ሲወጣ ወይም ሸክም ሲነሣ የሚያስፈልገውን የልብ ተጠባባቂ ኃይል ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ለውጥ ማዘግየት ይቻላል?

መልስ፦ በእ.ኤ.አ. 1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣት ወንዶች ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ ተኝተው እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ በድጋሚ ሲመረመሩ፣ አካላቸው በብርቱ ሥራ ጊዜ ኦክስጅን ከመጠቀም አቅሙ በ3 ሳምንቱ መተኛት ያጣው በ30 ዓመት ዕድሜ ካጣው ይበልጥ እንደነበር ታየ፤ ከዚያም ለ6 ወራት ባደረጉት የአካል እንቅስቃሴ በዕድሜ ያጡትን አቅም መልሰው አገኙ። የተመረመሩት ጥቂት ወንዶች ብቻ ቢሆኑም፣ ያለ እንቅስቃሴ መኖር ልብን ምን ያህል እንደሚያዳክም ውጤቱ በግልጽ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞን፣ ይመክራል።

ጥያቄ፦ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ሁሉ የዕድሜ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ጤነኛ እርጅና እርምጃን ያዘገያል እንጂ በተቀመጡበት ትንፋሽ አያሳጥርም፣ እግርንም አያሳብጥም። ድንገተኛ የልብ ሕመም በሴቶች ላይ የደረት ሕመም ሳይጎላበት በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ ወይም ባልተለመደ ድካም ሊገለጽ ስለሚችል፣ እናቶችና አያቶች እንዲህ ያለ ስሜት ሲናገሩ «የእርጅና ነው» ተብለው ሊታለፉ አይገባም፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሊወሰዱ ይገባል።