የዛፍ ጎታ በልጡ ውስጥ ነው

የአገራችን ገበሬ የዛፍን ልብስ በሁለት ስም ይጠራዋል። ከላይ ያለውን ደረቅና ሻካራ ክፍል ቅርፊት፥ ከሥሩ ያለውን እርጥብና ለገመድ የሚሆነውን ደግሞ ልጥ ይለዋል። ይህ አከፋፈል ከዕፀዋት ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው፤ ቅርፊቱ አብዛኛው የሞተ ሲሆን ልጡ ግን ሕይወት ያለው ነውና። በቅጠል የተሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል መሆኑን በክፍል ተምረናል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ግን እምብዛም ያልታወቀውን የልጡን ሌላ ሥራ ነው፤ ይኸውም ልጥ መንገድ ብቻ ሳይሆን ጎታም መሆኑን ነው።

በዚህ ጎታ የሚከተተው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሠራም፤ ናይትሮጅን ደግሞ ለተክል ውድ ነገር ነው። አየሩ በናይትሮጅን የተሞላ ቢሆንም ዛፍ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ግራርን የመሳሰሉት በሥራቸው ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተረዳድተው ያገኙታል፤ ይህ ግን ለሁሉ የተሰጠ አይደለም። ሌላው ከአፈር መልቀም አለበት፤ የጉናን ተዳፋት የሚያጥበው የክረምት ዝናም አፈሩን ይዞ ሲወርድ ደግሞ ናይትሮጅኑም አብሮ ይሄዳል። ወላጆቻችን ለማዳበሪያ የሚከፍሉትን ገንዘብ ለሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ከመቶ ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፥ የሚገዛውም ስለዚሁ ነው።

ዛፍ ይህን ሀብቱን በብዛት የሚያሠራው በቅጠሉ ነው። በቅጠል ውስጥ ሩቢስኮ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይዞ ወደ ስኳር ሥራ የሚያስገባው እርሱ ነው። በብዙ ተክሎች ቅጠል ውስጥ በውኃ ከሚሟሟው ፕሮቲን እስከ ግማሽ የሚደርሰው ይኸው ሩቢስኮ ነው። ታዲያ ቅጠሉ ሲረግፍ ዛፉ ይህን ሁሉ ይጥለዋልን? አይጥለውም። ከመርገፉ በፊት ፕሮቲኑን ወደ አሚኖ አሲድ ይበታትነውና በቅጠሉ አንገት በኩል ወደ ቅርንጫፉ ይመልሰዋል። በአማካይ ከቅጠሉ ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው እንዲህ ይመለሳል። ስለዚህ በወቅቱ ቢጫ የሆነ ቅጠል የታመመ ሳይሆን ዕቃው የወጣለት ቤት ነው።

ዕቃው ወዴት እንደሚገባ በግልጽ ካሳዩት መካከል ወትዘል፥ ደመርስና ግሪንውድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አንዱ ነው። የመረመሩት የፖፕላር፥ የሜፕልና የአኻያ ወገኖችን ነበር። (አኻያ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በወንዞቻችን ዳር የሚበቅለው የዚሁ ወገን ነው።) በብርዱ ወራት የልጡን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ በፕሮቲን በተሞሉ ድቡልቡል ከረጢቶች ታጭቀው አገኟቸው። ከረጢቶቹ በደረሰ ዘር ውስጥ የሚገኙትን ይመስላሉ። ብርዱ አልፎ ቡቃያው ሲወጣ ግን ከረጢቶቹ ጠፍተው በምትካቸው አንድ ሰፊ የውኃ ክፍል ታየ። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ባቄላ ለልጁ የሚሰንቀውን ዓይነት ስንቅ ዛፍ ለገዛ ራሱ ይሰንቃል ማለት ነው።

ፖፕላር ጎታውን መሙላት የሚጀምረው ቀኑ ማጠሩን ሲያውቅ ነው። በደቡባዊ ካናዳ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል፤ በደብረ ታቦር ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። በኛ አገር ብዙዎቹ ቅጠል አርጋፊ ዛፎች የሚራገፉት ዝናሙ ካቆመ በኋላ፥ በደረቁ ወራት ነው።

ከጓሯችን ሳንርቅ ምስክር የሚሆነን ኮክ ነው። በኮክም ልጥ ውስጥ በብርዱ ወራት የሚከማች ፕሮቲን መኖሩ ታውቋል። ኮክ ቅጠሉ ሳይወጣ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ እንደሚያብብ ያላየ የለም። ያን ጊዜ ምግብ የሚሠራ ቅጠል የለም፥ መሬቱም ደርቋል፤ አበባው የሚሠራው ከጎታው ወጪ እየተደረገ ነው። ስለዚህም ክረምቱ እንደ ወጣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ለፍየል ተብሎ የተመለመለ ኮክ ስንቁን ሳይከት ተቀምቷል። ያለ ጊዜያቸው ቅጠላቸው የተነቀለ የፍራፍሬ ዛፎች በሚቀጥለው ወቅት ቡቃያቸው እንደሚደክም ታይቷል። ቢጫ ሆኖ የረገፈውን ጠርጎ መውሰድ ግን ዛፉን ያን ያህል አይጎዳውም። ከኮኩ ሽያጭ ደብተርና እርሳስ የሚገዛልን ተማሪዎች ይህን በቤታችን ብናወራ የምንጠቀመው እኛው ነን!

ስለ መላጥም ጥቂት ልጨምር። ወልከፋ ለገመድ የተወደደ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ግንዱ ዙሪያውን ይላጣል። እንዲህ የተላጠ ዛፍ በዚያ ክፍል የነበረውን ስንቅና ስኳሩ ወደ ሥር የሚወርድበትን መንገድ በአንድ ጊዜ ያጣል። ውኃ የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ስለ ሆነ ቅጠሉ ወዲያው አይጠወልግም፤ ላጩም ምንም ያልጎዳ ይመስለዋል። ሥሩ ግን የቀረውን እየበላ ይቆይና ሲያልቅበት ይሞታል፤ ላዩም ይከተላል። ልጥ የሚያስፈልገው ሰው ለሌላ ሥራ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ቢወስድ ግንዱ ይተርፋል።

ፍየልም በበጋ፥ ሣሩ ሲደርቅ፥ ወደ ልጥ መዞሯ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምግቡ ያለው እዚያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በየተራራው የተተከሉት ችግኞች ግንዳቸው ቀጭን፥ ጎታቸውም ትንሽ ነው፤ አንዲት ፍየል ቆም ብላ ዙሪያውን ልትልጣቸው ትችላለች። ለእነዚህ በእሾህ መታጠር ከውኃ ባልተናነሰ ያስፈልጋቸዋል።