ቦርጭ የጤና ምልክት ነውን?

በአገራችን አንድ ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘውን ወዳጁን «ወፈርክ፤ ተስማምቶሃል!» ቢለው እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ረሃብን በሚያውቅ ኅብረተሰብ ዘንድ ውፍረት የምቾት ምልክት ሆኖ መኖሩ አያስገርምም። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 890 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው፤ ችግሩም በሀብታም አገሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ስለዚህ ጤናችንን በአድናቆት ሳይሆን በልኬት ልንመረምር ይገባናል።

በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ቢ.ኤም.አይ. ይባላል። ስሌቱን በ19ኛው መቶ ዘመን ያፈለቀው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። ክብደታችንን በኪሎ ግራም ወስደን በሜትር ለተለካው ቁመታችን ካሬ እናካፍላለን። 1.70 ሜትር ቁመትና 70 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው አዋቂ 70ን ለ2.89 ሲያካፍል 24.2 ያገኛል። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ስለሚባል «ምንም የለብኝም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሚዛን ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ የት እንደተከማቸም አይናገርም።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይበልጥ ጎጂ ነው። ከእርሱ የሚወጡት የስብ አሲዶች በደም ሥር ወደ ጉበት ይደርሳሉ፤ ሰውነትም ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ እየደከመ ይሄዳል። ውሎ አድሮ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል፤ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ለደም ግፊት መንገድ ይከፈታል።

ይህን ለመገመት አንድ ክር ይበቃናል። ክሩን በቁመታችን ልክ ቆርጠን ለሁለት እናጥፈው። ቀጥሎም በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ እንደ ልማዳችን ተንፍሰን፣ ወገባችንን እንዙርበት። ጫፎቹ ካልተገናኙ የወገባችን ዙሪያ ከቁመታችን ግማሽ በልጧል ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው ሰው ወገቡ 92 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከ85 ሴንቲ ሜትር ወሰኑ አልፏል፤ ቢ.ኤም.አይ. ግን ይህን አልነገረውም። በልኬቱ ጊዜ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ክሩን እንጂ ጉበትን አያታልልም።

ይህ ልኬት ለነፍሰ ጡሮች አያገለግልም። ለታዳጊዎች ቢ.ኤም.አይ. የሚተረጎመው ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተገናዝቦ ነው። ክሩም በሽታን አያረጋግጥም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደን የደም ግፊታችንንና የደም ስኳራችንን እንድንለካ ይጠቁመናል እንጂ። ሁለቱም ሕመም ሳይሰማን ለዓመታት ከፍ ሊሉ ይችላሉና፣ «አላመመኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም።