ስለ አንድ የካውቦይ ፊልም የታዘብኩት

ባለፈው የክረምት ዕረፍት እኔና ሦስት ባልንጀሮቼ እዚሁ ዲማ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተቀምጠን «ዘ ባላድ ኦፍ በስተር ስክራግስ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ተመለከትን። ይህን ፊልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ያወጡት ጆኤልና ኢታን ኮይን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። አንድ ወጥ ታሪክ አይደለም፤ የመጽሐፍ ገጽ እየተገለጠ ስድስት ልዩ ልዩ ታሪክ ይነገርበታል። ስለዚህ ተመልካች የሆነ ተማሪ እያንዳንዱን ለብቻው መመዘን አለበት፤ አንዱ ቢከፋ ሌላው ሊያምር ይችላልና።

ሥዕሉ እጅግ ያማረ መሆኑን አልክድም። ያሳዘነኝ የመጀመሪያው ታሪክ ነው። ነጭ የለበሰ፣ ጊታር የሚመታ ተኳሽ መጠጥ ቤት ገብቶ አንዱን ሰው ይገድልና ሬሳው ሳይነሣ በሟቹ ላይ ዘፈን ያወጣል፤ ሰዉም ዐብሮት ይጨፍራል። ወዲያው የሟቹ ወንድም እያለቀሰ ይደርስና ይገጥመው ዘንድ ወደ ውጭ ይጠራዋል። ተኳሹም የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ ባንድ በጥይት ከቈረጠ በኋላ ጀርባውን ሰጥቶ በመስተዋት እያየ ይገድለዋል። እኛም ሣቅን። እኔም ራሴ ሥቄአለሁ።

ማታ ስተኛ ግን ያ ወንድም ትዝ አለኝ። በእኛ በጐጃም ወንድሙ የተገደለበት ሰው መሣቂያ አይደለም። የገዳይ ወገን ቀዬውን ለቆ ይሸሻል፤ የሟች ወገን ደም እመልሳለሁ ይላል፤ ሽማግሌዎችና ካህናት ስንት ጊዜ ተመላልሰው፣ ካሣ ተከፍሎ ነው ደሙ የሚደርቀው። አንዳንዱም ሳይደርቅ ለልጅ ይተርፋል። በፊልሙ ግን ጥይቱ ሲጮኽ ነገሩ አለቀ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ እኛው ዲማ ቅኔ የተማረውን በዛብህን ከልደቱ ጀምረን ስለምናውቀው፣ ሲሞት እንደ ዘመድ እናዝንለታለን።

ሦስተኛው ታሪክ ይለያል። እጅና እግር የሌለው ወጣት በየከተማው እየዞረ የታወቁ ግጥሞችንና ንግግሮችን በቃሉ ያሰማል። ገቢው ሲቀንስ አዟሪው ሒሳብ ያውቃል የተባለ ዶሮ ይገዛል። ከዚያም ከድልድይ ላይ ትልቅ ድንጋይ ወደ ወንዙ ጥሎ የውሃውን ጥልቀት ሲመለከት እናያለን፤ ወደ ልጁም ፈገግ ብሎ ይመጣል። ቀጥሎ በጋሪው ላይ ያለው ዶሮው ብቻ ነው። ጥይት አልተተኰሰም፤ ደምም አልታየም፤ በዚህ ጊዜ ግን ከአራታችን የሣቀ አልነበረም።